ሥራ ይሄዳል፣ ቤት ይቆማል

  እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ የዓለም ኢኮኖሚ መተሳሰር፣ በተለምዶ ግሎባላይዜሽን የምንለው፣ በማደግ ላይ ባለ አገር ከተሞች ውስጥ ድህነትንና የኑሮ ልዩነትን ምን እንደሚያደርጋቸው ነው። አገሪቱ ኢትዮጵያ ናት፤ ከተማዋም በተለይ አዲስ አበባ። ነገሩን ግን ከዚያ ብቻ ሆኜ አላየውም። ኢየሩሳሌም ውስጥ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ የዚህን ገመድ ሁለቱንም ጫፍ ይዟል፤ እዚህ ተከራይ ነው፣ እዚያ ደግሞ ገንዘብ ላኪ። ስለዚህ መጀመሪያ በዙሪያችን ካሉት ቤቶች እነሣለሁ። ቀጥዬ የልብስ ስፌት መኪናን ተከትዬ ከቂርያት ጋት እስከ ሐዋሳ እሄዳለሁ፤ ከዚያ አዲስ አበባ እገባለሁ፤ በመጨረሻም ከዚህ ወደዚያ የሚላከው ገንዘብ ላይ እቆማለሁ። ልትቃወሙኝ የምትችሉባቸውን ነጥቦችም በየመንገዱ አነሣለሁ። ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ አስቀድመን ሁለት ነገሮችን እንለይ። ድህነት የሚበሉት፣ የሚለብሱት፣ የሚታከሙበት ማጣት ነው። የኑሮ ልዩነት ደግሞ አንዱ ከሌላው ምን ያህል እንደራቀ ነው። አንዱ እየቀነሰ ሌላው ሊጨምር ይችላል። ይህን ከቤተ እስራኤል ወገኖቻችን የተሻለ በኑሮው የሚያውቀው የለም። ከጎንደር ዙሪያ፣ ከአምቦበር ወይም ከወለቃ ተነሥቶ እዚህ የገባ ቤተሰብ ውሃ ከቧንቧ ቀዳ፣ ልጁን አስከተበ፣ ደመወዝ በባንክ ተቀበለ። በዚያው ቀን ግን በአዲሱ አገሩ የገቢ መሰላል የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆመ። ብራንኮ ሚላኖቪች የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ ከዓለም ሕዝብ የገቢ ልዩነት ከግማሽ የሚበልጠው ሰዎች በሚኖሩበት አገር ብቻ እንደሚወሰን አሳይቷል። በዚህ ስሌት ድንበር መሻገር ራሱ ትልቁ የኑሮ ማሻሻያ ነው። «ታዲያ ምን ጎደለባችሁ? ትናንት የነበራችሁበትን አስቡ» የሚለን ሰው የሚነሣው ከዚህ ነው። መልሴ አጭር ነው። የቤት ኪራይ የሚከፈለው ዛሬ በሚኖሩበት ከተማ ዋጋ እንጂ በትናንቱ መንደር ዋጋ አይደለም። ልጅም የሚወዳደረው አጠገቡ ከተቀመጠው ልጅ ጋር ነው።

አሁን ወደ ቤቶቹ። እዚህ ኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ጎዳና ያለው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በ1882 በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ተጀምሮ በ1893 በአፄ ምኒልክ ዘመን ተፈጸመ። ዙሪያውን ደግሞ ነገሥታቱ፣ እቴጌዪቱና መኳንንቱ ከአገር ቤት በላኩት ገንዘብ መሬት እየገዙ ቤት አሠሩ። በነቢያት መንገድ ላይ ፊቱ በሞዛይክ ያጌጠው ሕንፃም በ1920ዎቹ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ የተሠራ ነው። አብዛኞቹ ቤቶች የተሠሩት ለመኖሪያ ብቻ ሳይሆን ለኪራይም ነው፤ ኪራዩ ለገዳማቱ መነኮሳት ቀለብ እንዲሆን። ይህን ከሃይማኖት ታሪክነቱ ሌላ እንደ ኢኮኖሚ ታሪክ እንየው። ዘመኑ የመጀመሪያው ታላቅ የዓለም ገበያ መተሳሰር ዘመን ነበር። የያፋና የኢየሩሳሌም ባቡር በፈረንሳይ ኩባንያ ተዘርግቶ ሥራ የጀመረው በ1892 ነው፤ ያው የፈረንሳይ ገንዘብ ጥቂት ቆይቶ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ሐዲድ መዘርጋት ጀመረ። ተሳላሚው በባቡር ሲጎርፍ፣ ቆንስላዎች ሲከፈቱ፣ ከቅጥር ውጭ ያለው የኢየሩሳሌም መሬት ውድ ሆነ። ከድሃ አገር የመጡት ኢትዮጵያውያን ከዚያ ማዕበል ተጠቃሚ የሆኑት ቀድመው መሬቱን ስለያዙ ነው። በእጅ ሥራቸው ብቻ ቢኖሩ ኖሮ ውድነቱ ከከተማዋ ያስወጣቸው ነበር። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አገር ሲፈርስ፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ ጦርነት ሲመጣ ሲሄድ መነኮሳቱን ያቆየው ድንጋይ ሆኖ የተቀመጠው ገንዘብ ነው። ይህ የነገሥታቱ አርቆ አሳቢነት በበቂ አልተመሰገነም ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ ማታ ልከራከርበት የመጣሁት ነገር ከዚሁ ይወጣል። ዓለም ሲተሳሰር ሥራ ከአገር አገር ይዞራል፤ መሬትና ቤት ግን ካሉበት አይነቃነቁም። ጉልበቱን ብቻ የያዘ ሰው ከመላው ዓለም ጉልበት ጋር ይወዳደራል። የማይንቀሳቀሰውን የያዘ ሰው ደግሞ መላው ዓለም ለእሱ ንብረት ይወዳደርለታል። ከፍተኛው የኑሮ ልዩነት በከተማ የሚፈጠረው በባለ ብዙ ደመወዝና በባለ ትንሽ ደመወዝ መካከል ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በበለጠ ጥልቀት ቤት ባለውና በሌለው መካከል ነው።

እዚሁ ኢየሩሳሌም ያለውን የቃታሞኒም ሰፈር በዚህ ዓይን እንየው። ከ1948ቱ ጦርነት በፊት ቃታሞን ኑሯቸው የተደላደለ፣ አብዛኞቹም ክርስቲያን የሆኑ አረቦች ሰፈር ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ወጡ፤ ወደ ቤታቸውም አልተመለሱም፤ ይህን ሳይጠቅሱ ስለዚህ ሰፈር ቤት መናገር ተገቢ አይመስለኝም። በ1950ዎቹ ከነባሩ ቃታሞን በታች፣ በታልፒዮት ማዓባራ፣ ማለት በጊዜያዊ የስደተኞች ሰፈር፣ በቆርቆሮና በድንኳን ለተጠለሉ ከሞሮኮ፣ ከኩርዲስታንና ከሌሎች አገሮች ለመጡ አይሁድ መንግሥት በጥድፊያ ብሎኮች ሠራ። እነዚያ ናቸው ዛሬም የምናያቸው፤ እንደ ባቡር ፉርጎ ተቀጣጥለው የቆሙ፣ ደረጃቸው ጠባብ፣ ብዙ ልጅ ላለው ቤተሰብ ፈጽሞ የማይበቁ ቤቶች። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሰፈር እድሳቱ ፕሮግራም፣ ሰዉ በአጭሩ ሺኩም በሚለው፣ ብዙዎቹ ከጀርባ ወይም ከጎን ክፍል ተጨመረላቸው። ተጠግታችሁ ብታዩ አሮጌው ግድግዳና የተጨመረው ክፍል የተገናኙበት መስመር እስከ ዛሬ ይታያል፤ የድንጋዩ ቀለም ይለያል፣ መስኮቱም ከመስኮት አይሰለፍም። የተጨመረው ክፍል አንድ ወይም ሁለት አልጋ ያስዘረጋል እንጂ የሚያስመካ አይደለም። ነገር ግን ነዋሪው ቤቱን ከመንግሥት ኩባንያ በቅናሽ ሲገዛው ያች ክፍል የእሱ ሆነች። በ1998 የወጣው የሕዝብ ቤቶች ሕግም ለተከራዮች የመግዛት መብት አሰፋ። በ1971 በሙስራራ «ጥቁር ነብሮች» ብለው የተነሡት ወጣቶች የጮኹለት ድህነት በእነዚህ ሰፈሮች ጨርሶ አልጠፋም። ሆኖም ቀድሞ የመጣው ድሃ በስሙ የተመዘገበ ቤት አገኘ፤ ሰፈሩ ሲወደድ አብሮ ከፍ አለ። ዘግይቶ የመጣው ግን ያንኑ ቤት በአዲሱ ዋጋ ከዚያው ሰው ይከራያል።

ዘግይቶ የመጣው እኛው ነን፤ የመጣንበት ጊዜም ልብ ሊባል ይገባዋል። ቤተ እስራኤልን ወደ እስራኤል ያመጣው ዘመቻ ሙሴ የተቋረጠው በጥር 1985 ነው። በሐምሌ 1985 የእስራኤል መንግሥት በ1984 በዓመት ከ400 በመቶ በላይ ደርሶ የነበረውን የዋጋ ንረት ለመግታት የኢኮኖሚ ማረጋጊያ ዕቅዱን አወጀ፤ ያ ዕቅድ ለፋብሪካዎች ይሰጥ የነበረው ድጎማ የሚመናመንበት፣ ገበያውም የሚከፈትበት ዘመን መጀመሪያ ሆነ። ዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎችን ከኢትዮጵያ በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ያመጣው በግንቦት 1991 ነው። በዚያው ዓመት መስከረም መንግሥት ከሩቅ አገሮች የሚገባውን ዕቃ ከልክሎ ያቆየውን አጥር ደረጃ በደረጃ ማንሣት ጀመረ። ሁለቱም ጊዜ የእኛ ሰው ከአውሮፕላን ሲወርድ፣ ከእሱ በፊት የመጣውን ስደተኛ የተቀበለው የፋብሪካ በር እየተዘጋ ነበር። በ1950ዎቹና 60ዎቹ የመጣው ሰው ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ከስፌት ፋብሪካ ይገባል፣ የሠራተኛ ማኅበር አባል ይሆናል፣ ጡረታ ይቆጠርለታል። በ1991 የመጣው የገበሬ ልጅ የተዘጋጀለት ሥራ ግን ብዙውን ጊዜ በአቀጣሪ ኩባንያ በኩል የሚገኝ ጽዳትና ጥበቃ ነው።

ቂርያት ጋት ይህ ሁሉ በአንድ ቦታ የሚታይባት ከተማ ናት። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ፖልጋት የተባለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የከተማዋ እንጀራ ነበር። ከርካሽ አገር የሚመጣው ጨርቅ ሲገባ ፖልጋት እየመነመነ ሄዶ ጠፋ። በዚያችው ከተማ በ1999 ኢንቴል የቺፕ ፋብሪካውን ሥራ አስጀመረ። በከተማ ደረጃ ሒሳቡ ቢሠራ አንድ ፋብሪካ ሄዶ የበለጠ ፋብሪካ መጥቷል፤ ትርፍ ነው። የጨርቅ መኪና ላይ 20 ዓመት የቆመች ሴት ግን ነጭ የንጹሕ ክፍል ልብስ ለብሳ ሲሊኮን ላይ እንድትሠራ የሚያደርጋት አውቶቡስ የለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ እንደመሆኗ ይህ የእኛም ታሪክ ነው። መኪናው ታዲያ ወዴት ሄደ? ከዮርዳኖስ ጋር ሰላም ከተፈረመበት ከ1994 በኋላ ዴልታ ገሊልን የመሰሉ ኩባንያዎች ስፌታቸውን ወደ ዮርዳኖስና ወደ ግብፅ አሻገሩ። የዓለም የልብስ ንግድ በጠቅላላው ርካሽ እጅ ፍለጋ ከእስያ እስከ አፍሪካ ሲዞር በመጨረሻ ከአገራችን ደጃፍ ደረሰ።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ተመረቀ። ፒቪኤችን የመሰሉ ታላላቅ የልብስ ኩባንያዎች ገቡ። ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር የተሰበሰቡ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች የሆኑ ከ20,000 በላይ ሠራተኞች ተቀጠሩ። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ያህል ነበር፤ በዓለም የልብስ ሥራ ውስጥ ዝቅተኛው ነው አሉት። ለገጠር ልጅ 26 ዶላር ከምንም ይሻላል፤ ይህን አልክድም። ግን ወደ ክፍሏ እንግባ። ፓርኩ ሲከፈት በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ ጓሮው ላይ በጭቃና በቆርቆሮ ክፍል ሠርቶ አከራየ፤ ሠራተኛው ሲበዛ ኪራዩ ወጣ። በአንዲት ጠባብ ክፍል አራትና ከዚያ በላይ ሆነው ይተኛሉ፤ ፍራሹ ቀን ግድግዳ ላይ ይቆማል፣ ማታ ይነጠፋል። ደመወዙ በዶላር ሲታሰብ ዓለም ነው የወሰነው፤ ከፍ ቢል መኪናው ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ኪራዩን ግን የወሰነው የሐዋሳ መሬት ነው፤ እሱ ወዴትም አይሄድም። ከዓለም ገበያ የመጣው ጥቅም በልጅቷ እጅ አልፎ በባለ ጓሮው እጅ ላይ ያርፋል ማለት ነው። ባለ ጓሮው ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ምናልባት ከአንድ ክፍል ኪራይ ሌላ ገቢ የሌለው ጡረተኛ ነው። ከዚያም በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ለአፍሪካ ምርት ከቀረጥ ነፃ ገበያ ከሚሰጠው ሕግ፣ ተጠቃሚነት ሰረዘች፤ ፒቪኤችም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ለቅቆ እንደሚወጣ አስታውቆ ነበር። ብዙ ልጆች ሥራ አጡ። ክፍሎቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። «የኢትዮጵያ ከተሞች ድህነት እኮ ቀንሷል» ትሉኛላችሁ፤ ትክክል ናችሁ። በመንግሥት መለኪያ በከተማ ከድህነት መስመር በታች የነበረው ሕዝብ በ1999/2000 36.9 በመቶ ነበር፤ በ2015/16 ወደ 14.8 በመቶ ወርዷል። በእነዚያ ዓመታት መንገድ ተሠርቷል፣ ኮንዶሚኒየም ተገንብቷል፣ የብዙ ሰው ማዕድ ተሻሽሏል፤ የዓለም ገበያ፣ ብድርና የውጭ ኢንቨስትመንትም ድርሻ አላቸው። የእኔ ክርክር ከዚህ ጋር አይጣላም። የድህነት መስመር የሚለካው በፍጆታ ነው፤ ዛሬ የበላኸውን ይቆጥራል። ነገ ከቤትህ የማትባረር መሆንህን፣ ልጅህ ከሚማርበት ትምህርት ቤት አለመራቅህን፣ ብትታመም የሚያስታምምህ ጎረቤት ማግኘትህን አይቆጥርም። ሰው በፍጆታ ከመስመሩ በላይ ሆኖ በመኖሪያ ረገድ ከቀድሞው የባሰ ተንሳፋፊ ሊሆን ይችላል።

የአዲስ አበባን ነገር በዚህ እንየው። በሐምሌ 1975 የደርግ መንግሥት የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን ሲወርስ የኪራይ ዋጋም ቀነሰ። የተወረሱት ዝቅተኛ ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆነው ለድሃው በጥቂት ብር ተከራዩ። ቤቶቹ አልታደሱም፤ ጣራቸው አፈሰሰ፣ መጸዳጃቸው ለአሥር አባወራ አንድ ሆነ፤ ይህን የሚያሞግስ ሰው ውስጡ ገብቶ አላደረም። ነገር ግን ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ካዛንቺስ መሀል ላይ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ሊስትሮውና ዘበኛው ከባለሥልጣኑና ከነጋዴው ጋር ጎን ለጎን እንዲኖሩ ያደረገው ያው የማይረባ ቤት ነው። አዲስ አበባ ሀብታምና ድሃ በሰፈር ያልተለዩባት ከተማ መሆኗ ከብዙ የዓለም ከተሞች ይለያት ነበር። የውጭ ገንዘብ፣ ሆቴል፣ የባንክ ሕንፃና የኤምባሲ ተከራይ መሀሉን ሲፈልጉት ያ መሬት በካሬ ሜትር ይተመን ጀመር። በ2024 የኮሪደር ልማቱ የፒያሳንና ቆይቶም የካዛንቺስን ነባር ቤቶች አነሣ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ ደመቀ፤ ውበቱን ማንም ያየዋል። ምትክ ቤት ያገኘው ሰው ወደ ከተማው ዳር ሄደ፤ ደባል የነበረው፣ ከተከራይ የተከራየው ሰው ግን ምትክ የሚጠይቅበት ወረቀት የለውም።

የሄደው ሰው ያጣውን ለመረዳት እድርን ማየት ይበቃል። እድር ማለት ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሰሃን፣ የአባላት ስም ዝርዝር ያለበት መዝገብና በወር የሚከፈል ትንሽ ገንዘብ ነው። ሰው ሲሞት ጡሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ እንጀራው ከየቤቱ ይመጣል። ይህ ሁሉ የሚሠራው አባላቱ በእግር በሚደረስበት ርቀት ስለሚኖሩ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የምንለው ለዚህ ነው። አንዱን ወደ ከተማው ዳር ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ሌላውን ወደ ሌላው ዳር ወደ የካ አባዶ ብትልከው መዝገቡ ይቀራል እንጂ እድሩ አይቀርም። ድሃ ሰው ባንክ የሌለው ቢመስለንም ባንኩ ሰፈሩ ነው። በዱቤ የሚሰጠው ባለ ሱቅ፣ ልጁን የምታይለት ጎረቤት፣ እቁብ የሚሰበስበው ዳኛ ሁሉም በዚያው መንደር ናቸው። ኮንዶሚኒየሙም ቢሆን ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለድሃ ተብሎ በዕጣ ሲታደል፣ የወር ክፍያውን መቻል ያቃታቸው ብዙ ባለ ዕጣዎች ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ርካሽ ክፍል ፍለጋ ሄዱ። ያም ሆኖ በስማቸው ቤት ስላላቸው ከሌላው ድሃ ይሻላሉ፤ ሐሳቤንም ይኸው ያጠናክረዋል።

አሁን ሁላችንንም ወደሚነካው ነገር መጣሁ። ወደ ኢትዮጵያ በውጭ ከሚኖሩ ልጆቿ የሚገባው የውጭ ምንዛሪ አገሪቱ ሸቀጥ ሸጣ ከምታገኘው የበለጠባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። በእነዚያ ዓመታት ቡና፣ አበባ፣ ሰሊጥና ወርቅ ተደምረው የጽዳት ሠራተኛዋን፣ የሾፌሩንና የአስታማሚዋን እጅ አላሸነፉም። ይህ ገንዘብ እናት ያበላል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ልጅ ያስተምራል፤ ከማንኛውም የእርዳታ ድርጅት ገንዘብ ይልቅ በቀጥታ ድሃ እጅ ይደርሳል። የተረፈው ግን ወዴት ይሄዳል? ወደ መሬት። የባንክ ወለድ ከዋጋ ንረት በታች በሆነበት፣ የአክሲዮን ገበያ ገና በጀመረበት፣ ብር በየጊዜው በሚወድቅበት አገር ዋጋውን የሚጠብቅለት ሌላ ነገር ስለሌለ ሰው ቦታ ይገዛል፣ አፓርታማ ይገዛል። መንግሥት በሐምሌ 29 ቀን 2024 የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ከዚህ የሚላከው ሰቅል በአንድ ጊዜ እጥፍ ያህል ብር ሆነ። ደላላውም ይህን ያውቃል፤ ዋጋ ሲጠራ የሚያስበው በዲያስፖራው ኪስ እንጂ በመምህሩ ደመወዝ አይደለም።

ይህን ከኢየሩሳሌም ጎን አድርጋችሁ እዩት። ይህች ከተማ በድህነት ከእስራኤል ትላልቅ ከተሞች ከመጀመሪያዎቹ ናት። ኢንቴል በ2017 በ15.3 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ሞቢልአይ የተባለው ኩባንያ ደግሞ የተመሠረተውም የሚሠራውም እዚሁ ነው። በማሚላ፣ በታልቢዬህና በጀርመን ኮሎኒ ከፓሪስና ከኒውዮርክ የመጡ ሰዎች ለበዓል ሰሞን ብቻ የሚከፍቷቸው አፓርታማዎች አሉ፤ በቀረው ዓመት መዝጊያቸው ወርዶ ይታያል። ገዢዎቹ ክፉ አላሰቡም። ኢየሩሳሌምን ስለሚወዱ ነው የሚገዙት፤ ያ ፍቅር ግን በዩሮና በዶላር ስለሚከፍል እዚያ መኖር ያልቻለው የከተማዋ ሰው ወደ ባቃ ይወርዳል፣ የባቃው ወደ ቃታሞኒም ይወርዳል፣ የቃታሞኒም ተከራይ ሻንጣውን ያዘጋጃል። እንግዲህ የአንዲት ጽዳት ሠራተኛን ሕይወት አስቡ። በወር መጨረሻ ከደመወዟ ኪራይ ከፍላ ከተረፈው ጥቂት መቶ ሰቅል ወደ አገር ቤት ትልካለች። እዚህ የኒውዮርኩ ሰው ፍቅር ያስወድድባታል፤ እዚያ የእሷ ፍቅር በአዲስ አበባ ተከራይ ላይ ያስወድዳል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የዚህ ነገር ተጎጂም ምክንያትም መሆን የሚችለው መተሳሰሩ ይህን ያህል ስለጠለቀ ነው።

«የእኛ ችግር የዓለም ገበያ ሳይሆን መድልዎ ነው» የሚል ሰው መካከላችሁ እንዳለ አውቃለሁ፤ በቀላሉ አላልፈውም። ቆዳው ጥቁር በመሆኑ ቤት የተከለከለ፣ በአቀጣሪ ኩባንያ ሥር መብቱ የተነጠቀ ሰው የሚያወራው እውነት ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለኢትዮጵያ ዖሊም፣ ማለት አዲስ ገቢዎች፣ የተሰጠው ልዩ ማሽካንታም (የቤት መግዣ ብድር) አብዛኛው ስጦታ ስለነበር ብዙ ቤተሰብ ባለቤት አድርጓል፤ ነገር ግን ገንዘቡ ቤት የሚገዛው ዋጋ በወረደባቸው ሰፈሮች ስለነበር ሕዝቡን እዚያው ሰበሰበው። ከዓመታት በኋላ የኢየሩሳሌም ቤት ሰማይ ሲነካ የእነዚያ ሰፈሮች ቤት የወጣው በጣም ባነሰ መጠን ነው። መድልዎ የወሰነው ሰው መሰላሉ ላይ የት እንደሚቆም ነው፤ የመሰላሉን ደረጃዎች እያራራቀ ያለው ግን የቤት ዋጋ ነው። አንዱን ብቻ ብንታገል ሌላው ይቀጥላል።

ታዲያ ገንዘብ መላክ እናቁም? በፍጹም። እናቱን ያልረዳ ሰው የአዲስ አበባን ተከራይ አላዳነም። የሚቻለው ገንዘቡ የሚያርፍበትን ቦታ መለወጥ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ዘመድ ቦታ እንዲይዝ ከመላክ ይልቅ፣ እዚያው ነዋሪዎቹ ባሉበት ሰፈር በኅብረት ሥራ ማኅበር የሚገነቡትን ቤት ብንደግፍ የቤቱ ቁጥር ይጨምራል እንጂ በአንድ ቤት ላይ የተጫራቹ ቁጥር አይጨምርም። የኢትዮጵያ መንግሥትም በ2024 ባወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በመንግሥት ተመን እንዲሆን ደንግጓል፤ ጥሩ ጅምር ነው፣ ውል የሌለውን ደባል ግን አይደርስለትም። በ2025 ደግሞ የውጭ ዜጎች በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲይዙ የሚፈቅደው አዋጅ በምክር ቤት ጸድቋል። የውጭ ምንዛሪ ፍላጎቱ ይገባኛል። ነገር ግን መዝጊያቸው የወረደውን የማሚላ ቤቶች ያየ ሰው ለአዲስ አበባ ሹማምንት ሊነግራቸው የሚችለው ነገር አለ፦ ከእያንዳንዱ ለውጭ ሰው ከሚሸጥ ቤት የሚገኘው ግብር በስም ተለይቶ በዚያው ክፍለ ከተማ ለሚሠራ የኪራይ ቤት ይዋል፤ ባዶ የሚያድር ቤትም ከፍ ያለ ግብር ይክፈል። በኢየሩሳሌም ባዶ ለሚቆዩ ቤቶች እጥፍ አርኖና፣ ማለት የማዘጋጃ ቤት የንብረት ግብር፣ ማስከፈል የተጀመረው ዋጋው ከወጣ በኋላ ነው። አዲስ አበባ አስቀድማ ማድረግ ትችላለች።

በዚሁ በቃታሞኒምም አሮጌዎቹን ብሎኮች አፍርሶ ማማ የመገንባቱ ሥራ፣ ፒኑይ ቢኑይ የሚሉት፣ በየመንገዱ እየመጣ ነው። ስብሰባ ሲጠራ በ1950ዎቹ ከሞሮኮ የመጡ አያት ይጠራሉ፤ ያች በሺኩም የተጨመረችው ክፍል ተቆጥራላቸው አዲስ ቤት ይሰጣቸዋል፤ ይገባቸዋልም። ጠበቃው ሰነዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ፊርማ የሚቀበለው ከባለቤቶቹ ነው። በሦስተኛው ፎቅ ያለችው ተከራይ ወንበር አይቀርብላትም፤ የሚደርሳት ውሉ የሚያበቃበት ቀን ብቻ ነው። የቃታሞኒም ነዋሪዎች ኮሚቴ በሚቀጥለው ስብሰባው ለእሷም አንድ ወንበር እንዲያስቀምጥ፣ ከሚሠራው ማማ የተወሰኑ ቤቶችም በተመጣጣኝ ኪራይ እንዲያዙ አስቀድሞ በውሉ እንዲጻፍ እንጠይቅ። ውሉ ከተፈረመ በኋላ የሚጠይቅ ሰው የሚሰማው የለም።